የተተኮሰው ደብዳቤ

ደብዳቤው የተተኮሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ልጅቷ ወደ ሥራ ከወጣች በኋላ አያቷ ክፍሏን ልትጠርግ ገብታ የወረቀት ቅርጫቱን ብታነሣው፣ ውስጡ ስድስት የተጨማደዱ ወረቀቶች አገኘች። ሰው የጣለውን መፈተሽ ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት የዚችን ልጅ ትኩሳት በእጇ ጀርባ ስትለካ የኖረች ሴት፣ ስድስት ወረቀት እንዲያ ተጨማድዶ እያየች እንዴት ዝም ብላ ትገለብጠዋለች? ማን ምን ብሎ አስከፍቷት ይሆን? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ አንድ እግሩ በፕላስተር የታሰረውን መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰካችና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

አምስቱ «የተከበሩ መምህሬ» ብለው ሁለት መስመር ሳይሄዱ የተጣሉ ናቸው። ስድስተኛው ግን ሙሉ ነው፤ ፊትና ጀርባ ተጽፎ ተፈርሞበታል።

ደብዳቤው ለጋሼ ሚሊሜትር ነበር። እናት አባት ያወጣላቸው ስም ይህ አይደለም። በሆስፒታል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራበት ክፍል ሠላሳ ዓመት አለቃ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ ግማሽ ሚሊሜትር የሳተ ሥራ አይተው ስለማያልፉ ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ነው። ልጅቷን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተቀብለው ሙያ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። የፊታችን አርብ ጡረታ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ በወንበራቸው የሚተካውን ሰው ስም ጽፈው ለአስተዳደሩ ይሰጣሉ። በሠራተኛው አፍ የሚነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ልጅቷ፣ ሁለተኛው በእጁ ቅልጥፍና «ፈጣኑ» የሚሉት ባልደረባዋ። አያት በዚህ ወንበር ነገር እንቅልፍ ካጣች ሁለት ወሯ ነው። ልጅቷ ግን ጉዳዬም ያለችው አትመስልም።

እሑድ ምሳ ላይ እንዲያውም ተኳርፈዋል። አያት ለመሆኑ መምህርሽን ምን ብለሽ አመሰገንሽ ብትላት፣ ልጅቷ ከሳህኗ ቀና ሳትል ኢሜይል ልኬያለሁ አለች። ኢሜይል? ሰው ላደረገሽ ሰው? በሱማ የሱቅ ማስታወቂያ አይደል እንዴ የሚላከው፤ ምኑ ይያዛል፣ ምኑ ኪስ ይገባል፣ ሰውየው አንድ ቀን ቢከፋቸው ከየት አውጥተው ያነቡታል? አያት ይህን ሁሉ ስትደረድር ልጅቷ ዛሬ በእጅ የሚጽፍ ሰው የለም ብላ ተነሥታ ሳህኗን አጠበች። 

አሁን ግን ይኸው፤ ለካ በእጇም ጽፋ ኖሯል።

ደግሞም አጻጻፏ አንጀት ይበላል። ጋሼ ሚሊሜትር የመጀመሪያውን ሦስት ወር ጥርስ የሚቀረጽበትን ሰም አላስነኳትም፤ ጠመኔ ሰጥተው የመንጋጋ ጥርስ ቅረጪ አሏት። በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ የቀረጸችውን ያነሡና በአውራ ጣታቸው ቀጭ አድርገው ሰብረው፣ ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። በዘጠና አንደኛው ቀን ግን አልሰበሩትም፤ ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ያን ቀን እስከ ቤቴ ሮጥኩ፤ አያቴ ሌባ ያባረረኝ መስሏት ዱላ ይዛ ወጣች» ይላል። አያት እዚህ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ። እውነት ነው፤ ዱላው የመጥረጊያ እጀታ ነበር።

ጽሕፈቱ ብቻ ደስ አላላትም። ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዱ መስመር ነፋስ እንዳገኘው ክር ወዲህና ወዲያ ይላል። የዛሬ ልጆች ጣታቸው ስልክ ላይ እየዋለ ብዕር መያዝ ጠፋባቸው፣ አፍራ የጣለችውም ለዚህ ነው፣ አለች በሆዷ። መምህሯ እንደሆኑ በጽሕፈት ሰው የሚንቁ አይደሉም ብላም ደመደመች። ፍረጂ ብሎ የሾማት ሰው አልነበረም፤ ግን ፈረደች።

ካውያውን በትንሹ አሞቀች። ወረቀቱ ላይ ስስ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጋ፣ የልጅቷን የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ሸሚዝ በተኮሰችበት ጥንቃቄ ተኮሰችው። ጭምድዱ ቢዘረጋም የእጥፋቱ መንገድ ያስታውቃል። አዲስ ፖስታ ገዝታ ከተተችው፤ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ሄዳ ጋሼ ሚሊሜትር የሚኖሩበት ሕንጻ በር ላይ ለዘበኛው ሰጠችው። ዘበኛው ፖስታውን ገልብጦ ገልብጦ አየና እውነተኛ ደብዳቤ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሱ በዚህ በር የሚያልፍ ካየ ዘመን ሆኖታል። አዎ፣ የእጅ ጽሑፍ ነው አለችው፤ ስትናገር የላይኛው ጥርሷ ቀጭ አለ። ጥርሱ ልጅቷ ተማሪ ሳለች የሠራችላት ተነቃይ ነው። ድድዋን ሲቆረቁራት ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በፊት እቤት ሞርዳላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ላላ። ለልጅቷ ግን አልነገረቻትም፤ ስንት ሐሳብ ያለባትን ልጅ በጥርስ ማስቸገር ምን ይባላል?

ማክሰኞ ልጅቷ በጊዜ ገባች። አያት የምሥራቹን ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የካፖርቷን ቁልፍ ልትተክል ፈለገችና ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳልፊልኝ አለቻት። አያት እጇ እንኳ እስከ ዛሬ የጸና ነው፤ ያስቸገራት ዓይኗ ነው። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ከልጅነቷ ጀምሮ የልጅቷ ሥራ ነበር።

ልጅቷ ደክሞኛል አለች። አያት አንድ ክር ምን ያደክማል ብላ ችክ አለች። ልጅቷ መርፌውን ተቀበለች። ክሩ ቀዳዳውን በስተቀኝ አለፈው፤ በስተግራ አለፈው፤ ከላይ ሄደ። አያት ሳቅ ብላ ቀና ስትል የልጅቷን ፊት አየችና ሳቋ እዚያው ቀረ። ልጅቷ መርፌውን ክር ማስቀመጫው ውስጥ ወረወረችው፤ ከዚያም ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው አለች። ብርጭቆ ስታነሣ አያስታውቅም፤ ጥቃቅን ሥራ ላይ ግን ጣቷ አይታዘዛትም። ሥራ ቦታ ሰሙን ሁሉ ለፈጣኑ እያስተላለፈች እሷ ጀሶ ማቡካትና ማጠብ ላይ ተለጥፋለች። ሐኪም ጋ አልሄደችም፤ የጥርሱ ክፍል ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው፣ ካርድ ባወጣች በሰዓቱ ወሬው ይደርሳል። ለጋሼ ሚሊሜትር በእጇ ለመጻፍ አምስት ጊዜ ሞከረች። በስድስተኛው ምንም ይሁን ብላ እስከ መጨረሻው ጻፈችና መልሳ ስታየው ጣለችው።

«እሳቸው የሰው ፊት አያዩም፣ እማማ» አለች። «እጅ ነው የሚያዩት። ያን ጽሕፈት ካዩ አበቃልኝ።»

አያት ብድግ አለች። እንዲህ አድርጌያለሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ዳቦ አልቋል፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ። ካፖርቷን ቁልፉ እንደጎደለ ለብሳ ወጣች። ደረጃው ላይ ራሷን ረገመች፤ አውቶቡስ ውስጥ ረገመች፤ ፌርማታው ላይ ከወረደች በኋላ ግን ለእርግማንም ትንፋሽ አልተረፋትም፤ እየሮጠች ነበር። ምናለ ሰውየው ቤት ባይኖሩ። ምናለ ዘበኛው ረስቶት ኪሱ ውስጥ ቢሆን።

ዘበኛው አልረሳም። ትናንት አላገኘኋቸውም፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፣ በጣም ነው ደስ ያላቸው አለ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የደረጃውን እጀታ ይዛ ወጣች። ይህን ደረጃ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ወጥታዋለች፤ ያኔ እናቷን የቀበረች ልጅ አለችኝ፣ እጇ ጥሩ ነው፣ ይቀበሉልኝ ልትል። እጇ ጥሩ ነው ብላ ነበር፤ ሌላ የምታቀርበው ነገር አልነበራትም።

ጋሼ ሚሊሜትር በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ቀጭን ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ እርሳስ አለ፣ እግራቸው ላይ የቤት ጫማ። ወዲያው አወቋትና እትዬ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ አሏት። ጠረጴዛው ላይ ፖስታው ነበር። አልተከፈተም። አጠገቡ ስለቱ የቀጠነ የሰም ቢላ ተቀምጧል። ሻይ ጥጄ ነበር፣ ደብዳቤ እንዲህ እየተቻኮሉ አይከፈትም አሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፣ ሊያጣጥሙት ነው።

አያት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፖስታው ከእጇ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። የመጣሁት ለሱ ነው አለች፤ ስሕተት ተፈጥሮ ነው፣ የተላከው ረቂቁ ነው፣ ዋናውን ነገ አመጣለሁ፣ ያን ይመልሱልኝ።

«ረቂቅ ከሆነማ ይበልጥ ጥሩ» አሉ ጋሼ ሚሊሜትር። ተነሥተው ከመሳቢያ የወረቀት ጥራዝ አመጡ። ተማሪዎቻቸው የላኩትን ኢሜይል ምራታቸው አትማ የሰጠቻቸው ነው፤ አሥራ አራት። አንዱን አነሡና «በዚህ አጋጣሚ ልባዊ ምስጋናዬን ላቀርብልዎ እወዳለሁ» ብለው አነበቡ። ሁለተኛውን አነሡ፤ በዚህ አጋጣሚ። ሦስተኛውን፤ በዚህ አጋጣሚ። አልሳቁም። አራተኛውን ወደ አያት ገፋ አደረጉት። «ይሄ የሷ ነው።»

አያት አየችው። አራት መስመር። ጠመኔ የለበትም፣ ሩጫ የለበትም፣ ዱላ የለበትም። 

ለምን ነው ታዲያ እንዲህ እያላበዎት ደብዳቤውን የሚያስመልሱኝ አሉ ሽማግሌው። አያት መልስ ስትፈልግ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ጥርሷ ስታለከልክ ወርዶባት ነበርና።  የጋሼ ሚሊሜትር ዓይን ከዓይኗ ወርዶ እጇ ላይ፣ ከእጇ አልፎ አፏ ላይ አረፈ። ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ሰውየው ፊት አያዩም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። የላይኛው ልቅ ሆኗል።»

ምንም አይደል አለች። እሳቸው ግን ንጹሕ የሻይ ሳህን አምጥተው ፊቷ አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲሉት የኖሩት ቃል ነውና፣ ያውጡት ሲሉ እምቢ የሚባሉ ዓይነት አልነበሩም። አያት ፊቷን ዞር አድርጋ አወጣችው። ሳህኑ ላይ ካስቀመጠችው በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ደብዳቤውን ልታስጥል መጥታ፣ ልጅቷ በሚንቀጠቀጥ እጇ የሞረደችውን ጥርስ ከገዛ አፏ አውጥታ አስረከበቻቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጋሼ ሚሊሜትር ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ገጥመው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ጥርሱን ገለበጡት፤ አዘነበሉት፤ ወደ ብርሃኑ መለሱት። ማድ ቤት ውስጥ የሻዩ ማንቆርቆሪያ ክዳን ይንቀጫቀጫል። ማንም አልተነሣለትም።

«ጥርሱ የሷ ነው፤ አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄን የሞረደው እጅ ግን የሷ አይደለም። ማን ነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አለች አያት።

ቃሉ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ጥርስ በሌለው አፍ ተኮላትፎ ወጣ፤ ግን ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላም ተከተለችው፤ ቆረቆረኝ፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ነበረች፣ በጥፍር መሞረጃ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፣ እጄ ዕድሜ ነው ይንቀጠቀጣል አለች።

ጋሼ ሚሊሜትር ጥርሱን ሳህኑ ላይ መለሱ። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወጡ፣ ከኢሜይሎቹ አንዱን በጀርባው ገልብጠው ፊቷ አኖሩና፣ እባክዎ ከዚህ እስከዚህ አንድ መስመር ያስምሩልኝ አሏት።

አያት እርሳሱን ያዘች። እጇን ማንቀጥቀጥ ነበረባት። እንዲንቀጠቀጥ ፈለገች፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለመነችው። ግን አርባ ዓመት የልብስ ጠርዝ ሲሰፋ የኖረ እጅ በልመና አይበላሽም። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሽማግሌው መስመሩን አዩት። «የርስዎ እጅ ደህና ነው፣ እትዬ» አሉ በቀስታ።

ያኔ አያት እርሳሱን አስቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ክሩን፣ ስድስቱን ወረቀት፣ ካውያውን፣ ልጅቷ እጇ ላይ ቁጭ ያለችውን። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ እኔ ነኝ የቀበጥኩት፣ ወንበሩን አይንሷት አለች። ጋሼ ሚሊሜትር አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጧትም። ስትጨርስ ሄደው የሻዩን እሳት አጠፉ፤ ተመልሰው ከፊቷ ተቀመጡ።

«ሦስት ወር ሙሉ ሰም አልነካም ስትል ሥራው ሰለቻት አልኩ» አሉ። «ቅር አለኝ። ኢሜይሉ ሲመጣ ደግሞ አረጋገጥኩ። ትናንት የፈጣኑን ስም ጻፍኩ፤ ወረቀቱ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

አያት መሳቢያውን አየች። ይቅደዱት፣ ይቅደዱት ልትል ነበር። 

አልቀደዱትም። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ለአስተዳደሩ አስረክባለሁ፣ እስከዚያ ራሷ መጥታ የሆነችውን በገዛ አፏ ትንገረኝ አሉ። በሌላ ሰው አንደበት የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ነው የምቆጥረው። ፖስታውንም አነሡና፣ አያት በእጇ የሚሰጧት መስሏት እጇን ስትዘረጋ፣ መሳቢያው ውስጥ ከሌላው ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ይሄን እርስዎ አልጻፉትም፤ እኔም እንዲደርሰኝ አልተፈለገም። እሷ ይክፈቱ ካላለችኝ አይከፈትም። ጥርሱም እዚህ ይቆያል፤ ራሷ መጥታ ታስተካክለዋለች።

«እኔስ በምኔ ልብላ?» አለች አያት።

«ሾርባ ይጠጡ» አሉ፤ በሩን ከፈቱላት።

ቤት ስትደርስ ዳቦ አልያዘችም። ልጅቷ ሳሎን ቆማ ትጠብቃት ነበር። አያት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ክፍሏ ልትሾልክ አለች።

«እማማ። ጥርስሽስ?»

አያት ሻርፑን አወረደች። የሆነውን ሁሉ፣ እየተኮላተፈች፣ ከቅርጫቱ ጀምራ ተናገረች። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከድንጋጤ የሚመጣ ሳቅ ነው። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። አንድም ቃል ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ከቅርጫት ያወጣሽው ወረቀት አይደለም» አለች። «የደበቅሁት ነው። አሳድገሽኛል፣ አውቃለሁ። ግን መቼ ነው አደግሽ የምትዪኝ?»

በሯን ዘጋች። አያት ወንበር ስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። በሕይወቷ ሙሉ፣ ልጅቷ ስታስል እንኳ፣ በር ላይ ቆማ የምትለው አታጣም ነበር፤ ካልሲ አድርጊ፣ ማር ልስጥሽ፣ መስኮቱን ዝጊው። አሁን የምትለው ጠፋት። ጥርስ በሌለው አፍ ይቅርታ እንኳ ይቅርታ አይመስልም።

ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረችም። አያት ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ስታይ ዋለች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ተነሥታ ቆመች፤ ለምን እንደቆመች እንጃ። አሁን ወረቀቱን እያስረከቡ ነው። አሁን አልቋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና አጠበች። ባትሄድስ? ሄዳ በንዴት ክፉ ተናግራቸው ከሆነስ? መንገድ ስታቋርጥ ሐሳብ ይዟት መኪና...

አሥር ሰዓት ላይ ቁልፉ በሩ ውስጥ ዞረ።

ልጅቷ ገብታ ትንሽ የላስቲክ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አያት ሣጥኑን ሳይሆን የልጅቷን ዓይን አየች። አልቅሳለች፤ ግን ያለቀሰችው ቆይቷል።

«አድርጊውና ንከሺ» አለች ልጅቷ።

አያት ጥርሱን አደረገች። ነከሰች። ቀጭ አላለም። ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰችው፤ ድድዋ ላይ እንደ ራሷ ሥጋ ተኝቷል። ማን ሠራው ብላ ጠየቀች፣ መልሱን እየፈራች።

«እኔ። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ። ለሃያ ደቂቃ ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ትንፍሽ አላሉም።»

የቀረውን ልጅቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ በቁራጭ በቁራጭ ነገረቻት። መጀመሪያ በር ላይ እንደቆመች ስለ እጇ ነገረቻቸው። ከዚያ ፖስታውን አውጥተው ልክፈተው ወይ ሲሏት፣ ራሷ ተቀብላ ከፈተችው፤ ራሷ ቆማ አነበበችላቸው። ወረቀቱ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ መስመር ጠፍቶባት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ጠመኔው ጋ ስትደርስ ጋሼ ሚሊሜትር ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ስትጨርስም ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላሉም፤ ወረቀቱ ለምን እንዲህ ሆነ ብቻ አሉ። አያቴ ተኩሳው ነው አለቻቸው።

«ወንበሩስ?» አለች አያት። መጠበቅ አልቻለችም።

አለቃ የሚቀመጠው ሰም ሊቀርጽ ሳይሆን ሌላው የቀረጸውን ሊያይ ነው ብለው፣ ከሥራ ክፍሉ ያመጡትን የፈጣኑን ሦስት ሥራ ፊቷ ደርድረውላት ነበር። ሁለቱን አሳለፈች። ሦስተኛውን ይሄ አፍ ሲዘጋ በስተግራ ቀድሞ ይነካል አለች። ለኩት፤ ልክ ነበረች። ከዚያ አዲስ ወረቀት አውጥተው ስሟን ጻፉ። ከሥሩም ስለ እጇ፣ ሕክምና እንደምትጀምር፣ በግልጽ ጻፉ።

አያት ደረቷን ያዘች። እሱ ለምን ይጻፋል፣ ቢጥሏትስ?

«እኔ ነኝ ይጻፍ ያልኩት» አለች ልጅቷ።

ሐሙስ አብረው ሐኪም ጋ ሄዱ፤ አያት ውጭ ወንበር ላይ እንድትቆይ ተነግሯት ውጭ ወንበር ላይ ቆየች። ሐኪሙ የልጅቷን አንገት ዳብሶ ደም አስቀዳ። መንቀጥቀጡ ከእንቅርት ዕጢዋ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሆነ በኪኒን ይገታል፣ ውጤቱ ይታይ አለ። አርብ ከሰዓት በኋላ ከአስተዳደሩ ወረቀት መጣ፤ ወንበሩ ለስድስት ወር በተጠባባቂነት የልጅቷ ሆነ። አያት ተጠባባቂ የሚለው ቃል አልጣማት፤ ጥርጥር ጥርጥር ይሸታል። ልጅቷ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከረቡዕ ወዲህ ስለ ደብዳቤው አልተነጋገሩም። ልጅቷ አያቷን ታናግራታለች፤ ግን እንደ እንግዳ፣ በአጭር በአጭሩ። አያትም የልጅቷን ክፍል መጥረግ ትታለች።

ቅዳሜ ጠዋት አያት ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ተቀመጠች። ለጋሼ ሚሊሜትር ልትጽፍ ነው። ምስጋናውና ይቅርታው የቱ መቅደም እንዳለበት ሳይገባት፣ «ለተከበሩ መምህር» ብላ ጀመረችና ዋሽቼዎት ነበር የሚለው ላይ ቆመች። ጨመደደችው። ሁለተኛውም እዚያው ቃል ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ውሃ ልትጠጣ ገባች። የተጨማደዱትን ወረቀቶች አየች። አያት በክንዷ ልትሸፍናቸው ሞከረች።

ልጅቷ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አንዱን ወረቀት አነሣች፤ አልገለጠችውም፣ እንዳለ በመዳፏ ይዛ ቆመች። ጣቶቿ በትንሹ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ አልደበቀቻቸውም።

«ካውያውን ላሙቅልሽ፣ እማማ?» አለች።